ክላዲንግ ከመስቀላችሁ በፊት
ማሳሰቢያ፦ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ የቢሮ ሕንፃ ለምታሠሩ

ከተማችን ከ2500 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያነድዳል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ክረምት በረዶው በጎን ይመታል። ሕንፃ የምናለብሰው ሽፋን ይህን ሁሉ የሚችል ይሁን።

ናሙናውን በእጃችሁ ሳትይዙ አትዋዋሉ። በብዛት የሚሰቀለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ክላዲንግ ሁለት ስስ አሉሚኒየም ነው፤ በመካከላቸው መሙያ አለ። ጠርዙን አስቆርጣችሁ እዩት። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲቃጠል፣ ከአንድ ማእድ ቤት የተነሣውን እሳት በውጭ በኩል እስከ ጣሪያ ያደረሰው ፕላስቲክ መሙያ ነበር። 72 ሰዎች አለቁ። እሳት የሚቋቋመውን ምረጡ። በዐይን ብቻ ስለማይለይ የፍተሻ ወረቀቱን ጠይቁ፤ ወረቀት የሌለው ነጋዴ ዋጋ ቢቀንስላችሁም አትግዙ።

የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት አይታችሁ ሁሉንም መስታወት አታድርጉት። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ያ የ209 ሜትር ሕንፃ ሌላ ስሌት አለው። የእኛ ባለ ሦስት ፎቅ ቢሮ መብራት ሲጠፋ የሚተነፍሰው በሚከፈት መስኮት ነው። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ይነስ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ክፈፍ አይመልሰውም።

በፓነሎቹ መካከል ክፍተት ተዉ። 3 ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። መፈናፈኛ ካጣ ይቆለመማል፣ ቡሎኑን ያላላል፤ ከዚያ ነፋስ በተነሣ ሌሊት ሲንኳኳ ያድራል።

ብሎኬት ላይ በፊሸር ብቻ አትስቀሉ። ፓነሉን የሚሸከመው ብረት ከኮለንና ከቢም ይታሰር።

ዙሪያውን በሲሊኮን አትድፈኑ። ከጀርባ የገባ ዝናብ መውጫ ይፈልጋል።

ጥርብ ድንጋይን አትናቁ፤ ይህን ከሁሉ አጥብቄ እለምናለሁ። የወሎ ደገኛ ቤቱን በድንጋይ ሲሠራ ኖሯል። ድንጋይ አይቃጠልም፣ የቀኑን ሙቀት ለማታ ያቆያል፣ ገንዘቡም ለአገራችን ጠራቢ ይቀራል። ቢያንስ ከመሬት እስከ ሰው ቁመት፣ በገበያ ቀን ሰው የሚደገፍበትን፣ አህያ ጭነቷን የምታሻሽበትን ግድግዳ በድንጋይ አልብሱት። አሉሚኒየም እዚያ ቦታ ብዙ ሳይቆይ ይሰረጉዳል።

ሥራው ሲያልቅ ከዚያው ምርት አምስት ስድስት ትርፍ ፓነል ግምጃ ቤት አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚጫነው ቀለሙ ከነባሩ ጋር አይገጥምም።