አዲስ የፍሬን ሸራ ስለ ማለማመድ

የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴዎቻችን ያለቀ የፍሬን ሸራ መለወጥ እንዳለበት ሳይነገራቸው ያውቁታል። ከተለወጠ በኋላ ስለሚደረገው ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ጭነቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ሾፌሩም አዲሱን ሸራ አምኖ ያንኑ ዕለት ቁልቁለቱን ይያያዘዋል። አዲስ ሸራ ግን በገባበት ቀን ሙሉ እምነት የሚጣልበት ዕቃ አይደለም። ምክንያቱን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ሩጫውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስንወርድ ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን። ከነጭነቱ 80 ኩንታል የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚያወጣው ጉልበት ሁሉ ቢጠራቀም፤ 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይካፈሉታል፤ የቀረው በሸራውና በታምቡሩ ላይ ያርፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ የተሠራውንና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፤ በጅዳና በበሽሎ ቁልቁለት ጋሪውን ይዞ የሚያወርደው የብዙ ሰው ክንድ ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚበልጠውን ሸክም አንድ ሾፌር በአንድ እግሩ ይይዘዋል።

አዲስ ሸራ ይህን ሥራ ወዲያው ለመሸከም የማይችለው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፤ አሮጌው ታምቡር ወይም ዲስክ በሥራ ብዛት ስለሚቦረቦር፤ አዲሱ ሸራ በሙሉ ገጹ ሳይሆን ጎላ ጎላ ባለው በኩል ብቻ ይነካዋል። ሁለተኛ፤ ሸራ ማለት ልዩ ልዩ ዱቄት፣ ጭረትና ብረታ ብረት በሙጫ ተጣብቆ የተጋገረ ነገር ነው። መጀመሪያ ክፉኛ ሲግል ከሙጫው ተን ይወጣና በሸራውና በብረቱ መካከል ይገባል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ይላል። ሳይለማመድ የተቃጠለ ሸራ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ጥርሱም ይጠፋል። ሦስተኛው የዲስክ ፍሬን ያላቸውን ይመለከታል፤ ይኸውም ከሸራው ስስ ሽፋን በብረቱ ላይ በእኩል መቀባት አለበት። የጋለ ሸራ ቆሞ አንድ ቦታ ቢጫን ሽፋኑ እዚያው ይረጋና በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ዲስኩ ተጣመመ» ብሎ ወደ ቶርኖ ቤት ይሮጣል።

እንግዲህ ማለማመድ ማለት ሸራው በጥቂት በጥቂቱ እንዲሞቅና እንዲበርድ ማድረግ ነው። መካኒኩ አስቀድሞ ታምቡሩን አይቶ፤ ዘይትና ግራሶ ካለ ማጽዳት አለበት፤ አዲሱንም ሸራ በቅባታም እጅ መንካት አይገባም። (የአሮጌውን ሸራ አቧራ በአፍ ወይም በአየር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ስለ ሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።) ከዚያም መኪናው ሳይነሣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ይረገጣል። መኪናው ባዶውን ሜዳ መንገድ ላይ ይወጣል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፍሬኑ በመጠኑ ተይዞ ወደ 15 ይወርዳል እንጂ ጨርሶ አይቆምም። ጥቂት መቶ ሜትር እየተጓዘ ነፋስ ካስመታው በኋላ እንደገና፤ እንዲህ ከ10 እስከ 20 ጊዜ። ጥቂት ሽታ ቢሸት አያስደነግጥም፤ ጢስ ከታየ ግን ፍሬን ሳይያዝ እየተነዳ መብረድ አለበት። በመጨረሻም 10 ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳይበዛበት ይነዳና፤ ሲቆም የእጅ ፍሬን ሳይሳብ በማርሽና በታኮ ይያዛል። ባለ ታምቡር መኪና ከዚህ በኋላ የሸራው ክፍተት እንደገና እንዲስተካከል ያስፈልጋል። ከሸራው ጋር የሚመጣው የፋብሪካ ወረቀት ሌላ ቢያዝ እርሱ ይቅደም።

ለአንበሳሜ ነጋዴ ይህን ለመፈጸም ሩቅ መሄድ አያሻውም። በሐሙሲት በኩል ወደ ዋናው አስፋልት ወጥቶ የፎገራን ሜዳ ያገኛል፤ የገበያ ቀን እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቅ፤ ከኋላ የሚከተለውንም መኪና ሁልጊዜ በመስተዋት ይመልከት። የሚያሳስበን ደብረ ታቦር ላይ ሸራ አስለውጦ ያንኑ ዕለት ድንች ጭኖ ወደ ወረታ የሚወርደው ነው። የሚቻል ከሆነ ሸራውን ከታች፣ ወረታ ወይም ባሕር ዳር ማስለወጥ ይሻላል፤ ካልተቻለ መኪናው ባዶውን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ወርዶ ሜዳው ላይ ይለማመድ። ከተለማመደም በኋላ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ጭነቱ ቀለል ቢል፤ የዓባይን በረሃ የመሰለ ረጅም ቁልቁለትም ባይገጥመው መልካም ነው።

ይህን ለባለቤቶች መጻፋችን ስለ ምክንያት ነው። ሾፌር «ዛሬ አልጭንም» ለማለት የሚችለው ባለቤቱ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የመለዋወጫው ደረሰኝ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ የግማሽ ቀን ሥራ መፍታትን ያለ ጊዜው ከተቃጠለ ሸራ ዋጋ ጋር አስተያይቼ፤ ግማሹ ቀን የሚረክስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሰው ሕይወት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልተጻፈም።

ከመጫኑ በፊት ባለቤቱ ራሱ አጠገቡ ተቀምጦ ቢፈትነው ይበጃል። ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ የፍሬን ዘይቱ እየፈሰሰ ወይም አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበም አንደኛው ጎማ ከሌላው እኩል አልያዘም፤ በሁለቱም ምክንያት ጭነቱ ይቆይና መኪናው ወደ መካኒኩ ይመለስ።