ከርነል ከታደሰ በኋላ ሲሪያል ፖርት ዝም ሲል



ባለፈው ክረምት ከላሊበላ በስተሰሜን በምትገኘው በብልባላ የዝናብ መለኪያ ተክለን ነበር። መሣሪያው ወዲያና ወዲህ የምትደፋ ትንሽ ጽዋ አለችው፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ በተጠራቀመ ቁጥር አንድ ጊዜ ትደፋለች፤ መሣሪያውም ይህንኑ በኬብል ለኮምፒዩተራችን ይነግራል። የራሱ መዝገብ ግን የለውም። አንድ ቀን ማታ በሊኑክስ የሚሠራውን ኮምፒዩተር ስናድስ ከርነሉም አብሮ ታደሰ። በማግሥቱ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ እየሰማን፥ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድም ቁጥር አልታየም። ዝምታው ሦስት ቀን ቆየ። በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን እንዴት እንደጐዳ ለሚያውቅ፥ በዚያ አገር የዝናብ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከስሕተታችን የተማርነውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት እንመልከት። ሲሪያል ማለት ተራ በተራ ማለት ነው። ገበያተኛ በገደል አፋፍ ላይ ባለ ጠባብ መንገድ አንድ ባንድ እንደሚያልፍ ሁሉ፥ ቢቶችም በአንድ ሽቦ ተከታትለው ያልፋሉ። አር ኤስ 232 የተባለው ደንብ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 9600 ቢት ቢሆንና ለእያንዳንዱ ፊደል ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ቢያስፈልግ፥ በሴኮንድ 960 ፊደል ይተላለፋል። ያሁን ዘመን ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ይህ ፖርት የላቸውምና በዩ ኤስ ቢ በኩል የሚያገናኝ ቺፕ ያለበት ኬብል እንጠቀማለን። ለቺፑ ድራይቨር የሚያቀርበው ከርነሉ ነው፤ ስለዚህም ከርነል በታደሰ ጊዜ ይህ ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል።

እንግዲህ ፍለጋው በሥርዐት ይሁን፤ ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ኮምፒዩተሩ እንደገና ተነሥቷልን? አዲሱ ከርነል የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። ሳይነሣ የአሮጌው ከርነል ሞጁሎች ከተሰረዙ ድራይቨሩ ሊጫን አይችልም። በአንዳንድ የሊኑክስ ዐይነቶች ደግሞ ተጨማሪ ሞጁሎች በተለየ ጥቅል ስለሚመጡ፥ ያ ጥቅል መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካትና ዲሜሴጅ በተባለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ ማንበብ። ምንም አዲስ መስመር ካልተጻፈ ኬብሉን እንጠርጥር።

3ኛ፤ የፖርቱ ስም። ትናንት ዩ ኤስ ቢ 0 የነበረው ዛሬ ዩ ኤስ ቢ 1 ተብሎ ይሆናል። በተራ ቁጥር ሳይሆን በማይለወጠው መለያው መጥራት ይሻላል።

4ኛ፤ ፈቃድ። ፖርቱ ኖሮ "ፈቃድ የለም" ከተባለ፥ ተጠቃሚው ፖርቱን ለመክፈት በተፈቀደለት ቡድን ውስጥ መሆኑን እንይ። በብዙ ኮምፒዩተሮች የቡድኑ ስም ዳያልአውት ነው።

5ኛ፤ ባለ ዘጠኝ እግሩ ማገናኛ ላይ 2ኛውንና 3ኛውን እግር በሽቦ ማገናኘት። የጻፍነው ወደ እኛ ከተመለሰ ፖርቱ ደኅና ነው፤ ሕመሙ ከመሣሪያው ዘንድ ነው። ፊደሉ ተበላሽቶ ከመጣ ግን ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ወገኖች ፍጥነት አልተስማማም ማለት ነው።

6ኛ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከዝርዝሩ አሮጌውን ከርነል መምረጥ። በአሮጌው ከሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ነው፤ በአሮጌውም ካልሠራ ከርነሉን በከንቱ ከሰናል።

እኛም በከንቱ ከሰን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከርነሉን ስንወቅስ ቆይተን በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ብናስነሣ ዝምታው ያው ሆነ። መዝገቡን ረጋ ብለን ስናነብ፥ ቺፑ በታወቀ በቅጽበት ብርልቲ የተባለ ፕሮግራም ከድራይቨሩ እንደነጠቀው አየን። ብርልቲ ለዐይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግል ሲሆን፥ የእኛ ሲ ኤች 340 ቺፕ መለያው ከአንድ የብሬይል ማሳያ ጋር አንድ ስለሆነ ተሳስቶበት ነው። ይህ ነገር በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው በኡቡንቱ 22.04 ብዙ ሰው የገጠመው ነው። ከከርነሉ ጋር በአንድ ማታ ሌሎች ፕሮግራሞችም መታደሳቸውን ዘንግተን ነበር። በዚያ ኮምፒዩተር በብሬይል የሚሠራ ሰው ስላልነበረ ፕሮግራሙን አነሣነው፤ ቁጥሩም ወዲያው መምጣት ጀመረ። ዐይነ ስውር ባልንጀራ የሚጠቀምበት ቢሆን ግን ፕሮግራሙን ማንሣት በደል ነው፤ ያንን አንድ መለያ ብቻ ከደንቡ ማውጣት ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ ክርክር ቀረ። የሦስቱን ቀን ቦታ በሠንጠረዡ ላይ በምን እንሙላው? ከመካከላችን "ዜሮ እንጻፍ" ያለ ነበር። ዜሮ ግን "ዝናብ አልዘነበም" ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ሲዘንብ ሰምተናል። ስለዚህ "አልተለካም" ብለን ጻፍን። በሚመጣው ክረምት ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ተራ የዝናብ መለኪያ ተክለን በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት በደብተር እንመዘግባለን። በሥራ መካከልም ከርነል አናድስም።