ስለ ልጆች ሕክምናና ስለ ፈቃዳቸው

ወንዱ ሕፃን በ40 ቀን፥ ሴቲቱም በ80 ቀን ወደ ጥምቀት ሲቀርቡ ስለ ክህደተ ሰይጣንና ስለ ሃይማኖት ለሚቀርበው ጥያቄ ራሳቸው አይመልሱም፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እነርሱ ይመልሳሉ። እንግዲህ ታናሹ በታላቁ አፍ እንዲናገር ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳለች። በጋብቻና በምንኵስና ግን የባለቤቱ የራሱ ቃል ይፈለጋል። ይህን ልዩነት ማስታወሳችን በዘመናችን ስለ ተነሣ አንድ የሕክምና ክርክር ለመናገር ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጎፋ ወይም በመካኒሳ የምትኖር አንዲት እናት፥ የ7 ዓመት ልጇ ጡት ማጎጥጎጥ ጀምራ ሐኪሙ መርፌ ቢያዝላት፥ «ይህ በውጭ አገር የሚከራከሩበት መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ባስወጋት ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ብላ የንስሐ አባቷን ብትጠይቅ ምን ይመልሱላታል?

ሴት ልጅ ከ8 ዓመት፥ ወንድ ልጅም ከ9 ዓመት በፊት የጕርምስና ምልክት ቢታይባቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜው የመጣ ነው ብለው ይመረምሩታል። አጥንታቸው ፈጥኖ ስለሚበስል ካደጉ በኋላ ቁመታቸው ሊያጥር ይችላል። መድኃኒቱ ከአንጎል ሥር ያለችውን ዕጢ ዝም ያሰኛታል፤ ሲቋረጥም ጕርምስናው ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ሕመምን ማከም ነውና ወላጅ ስለ ልጁ ሊመልስ ይገባዋል።

የውጭው ክርክር ግን ጾታችን ከአካላችን ጋራ አይስማማም ለሚሉ፥ አካላቸው ጤነኛ ለሆነ ልጆች ይኸው መድኃኒት ስለ መሰጠቱ ነው። የሚደግፉት ልጁ የማሰቢያ ጊዜ ያገኛል፥ ከጭንቀቱም ያርፋል ይላሉ። ጭንቀቱ እውነተኛ ነውና ማንም አይሳለቅበት። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት 13 ዓመት ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የነገሩን ፍጻሜ ተረድቶ ሊፈቅድ መቻሉ እጅግ ያጠራጥራል አለ፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ይህን መመዘን የሐኪሞች ሥራ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። በ2024 የሕፃናት ሐኪም ሂላሪ ካስ የሕክምናው ማስረጃ ደካማ መሆኑን በመረመሩት ሰነድ ገለጹ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ለዚህ ጉዳይ በአዲስ መታዘዙን ያለ ጊዜ ገደብ ከለከለ።

እኛን የሚከብደን ይህ ነው፤ በዚያ አገር መድኃኒቱን ከጀመሩት የሚበዙት ወደ ሌላው ጾታ ሆርሞን ያልፋሉ፥ ይህም መውለድን ሊያስቀር ይችላል። የ12 ዓመት ልጅ መውለድን ስለ መተው ምን ታውቃለች? ወላጇስ ይህን ስለ እርስዋ እንዴት ይመልሳል? ይህ ከጥምቀቱ ይልቅ ከምንኵስናው ቃል ጋራ የሚመሳሰል ነው።

ሌላውን ስንነቅፍ ግን የራሳችንን አንርሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ ዕድሜው 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የሴት ልጅን ጤነኛ አካል መግረዝንም በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ እስኪቀጣበት ድረስ ብዙ ወላጆች እንደ መብታቸው ቈጥረውት ነበር፤ ከእኛም ካህናት ዝም ያልን ጥቂቶች አይደለንም።

ለዚያች እናት ግን መልሱ ቀላል ነው። ጸበሉን ታጠጣት፥ መርፌውንም በቀጠሮው ታስወጋት፤ ለምን እንደምትወጋም ልጅቷ በሚገባት ቃል ትንገራት።