የተበደለችን መስማት፦ የፍትሕ የመጀመሪያው ደጃፍ

ተደፍራ የመጣች እህት ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትነግረው ለፖሊስ ሳይሆን ለዶርም ጓደኛዋ ነው። ያኔ ምን እንላታለን?

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዲት ሴት ለሶላት ወጥታ ሳለ አንድ ሰው ደፈራት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ እንደዘገቡት ነቢዩ አቤቱታዋን ሰምተው፣ «ሂጂ፣ አላህ ምሮሻል» ብለው አሰናበቷት። በዘገባው «ለምን ወጣሽ?» የሚል ወቀሳ የለም። ቀድሞ የተያዘው ሌላ ሰው ነበር፤ ትክክለኛው አጥፊ ሲያምን ያኛው ዳነ። እንግዲህ ተበዳይን ማክበርና ማስረጃን ማጣራት አብረው ይሄዳሉ።

በአገራችን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጎጂዋን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጥፋተኛ የተባሉትን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «በፈቃዷ ነው» ብሎ ለቀቃቸው። ጉዳዩ ለአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ቀርቦ፣ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት 150,000 ዶላር እንዲክሳት ተወሰነ። በመካከሉ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የጋብቻውን ማምለጫ ሰርዟል፤ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ተስተካክሏል፤ የሚቀረው የምንሰማበት ልብ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

1. ሳትታጠብ፣ ልብሷን በወረቀት ከረጢት ይዘን ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳት። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በድል ጮራ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ የሚያገናኘውን አገልግሎት እንጠይቅ፤ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደጋግም።

2. «በሽማግሌ ይለቅ» አንበል። የሽማግሌ ዕርቅ የወንጀል ክስን አይዘጋም። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የሚያየው ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን የመሰለ ጉዳይ እንጂ ወንጀልን አይደለም።

3. ምስጢሯን እንጠብቅ፤ ውሳኔው የእርሷ ይሁን። ሲትር የተበዳይን ክብር መሸፈን ነው እንጂ የበዳይን ዙልም መደበቅ አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) ከመዝሉም ጎን የምንቆም ያድርገን። አሚን።