532 ለምን? አካፋይ፣ ብዜትና ብቸኛ ቁጥር በባሕረ ሐሳብ

በዘመናዊ ትምህርት ቤት ስለ አካፋይና ብዜት የተማሩ ወጣቶቻችን ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም ሲጠየቁ፣ ፈተና ከማለፍ በቀር ሌላ መልስ ሲቸግራቸው እንመለከታለን። በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ግን በዚሁ ስሌት የየዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያወጣሉ። ትምህርቱ አንድ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንግለጽ። አንድ ሙሉ ቁጥር ሌላውን ያለ ቀሪ ከከፈለው አካፋዩ ይባላል፤ የተከፈለውም የእርሱ ብዜት ነው። ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው። 19 ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ እስከ 18 ያሉትን ሁሉ መሞከር አያስፈልግም። 5 ጊዜ 5 ከ19 ስለሚበልጥ፣ 2ና 3 ያለ ቀሪ ካልከፈሉት ሥራው አልቋል።

የባሕረ ሐሳብ ስሌት በሦስት ዑደቶች ላይ ይቆማል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ በ4 ዓመት፣ የሳምንቱ ዕለታት በ7፣ የጨረቃ አቈጣጠር በ19 ዓመት ይመለሳሉ። ሦስቱ ተገናኝተው አንድ ዓመት በዕለቱም በበዓሉም እንደ ቀድሞው የሚሆነው መቼ ነው? ለ4፣ ለ7ና ለ19 የጋራ በሆነው ትንሹ ብዜት ነው። ሦስቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው መባዛት አለባቸው፤ ውጤቱም 532 ነው። ሊቃውንቱ ዐውደ ቀመር ይሉታል። የጋራ አካፋይ ያላቸው ቁጥሮች ግን ቶሎ ይገናኛሉ፤ በየ4 ሳምንቱና በየ6 ሳምንቱ የሚሰበሰቡ ሁለት ማኅበራት በአንድ ቀን ከተሰበሰቡ በኋላ ዳግም የሚገጥሙት በ24 ሳይሆን በ12 ሳምንት ነው።

ዐውደ ማኅተም የሚባለው 76 ዓመት (4 ጊዜ 19) ለምን አልበቃም የሚል ይኖር ይሆናል። በ76 ዓመት ውስጥ ዕለቱ አራት ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ በ2094 ዓ.ም. ግን ሰኞ ይሆናል። 7 ብቸኛ ቁጥር ነውና የ76 አካፋይ ሳይሆን ከዑደቱ ጋር አይታረቅም።

አሁን የ2018ን አጽዋማት እናውጣ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው። 12 ጊዜ 19 228 ነው፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክም 7 ነው። 18ና 7 ሲደመሩ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ከ14 ቀን በኋላ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ቀሪው 13 መሆኑ ቀርቶ በስሕተት 14 ቢባል፣ ወንበሩ 13፣ መጥቅዑ 7 ሆኖ ወደ ጥቅምት ይዞራል፤ ጥቅምት 7 ዓርብ ነው፣ ተውሳኩ 2፤ ነነዌም የካቲት 9 ይውላል። ዐቢይ ጾም በሚገባበት ዕለት ነነዌን እንጀምራለን ማለት ነው። በአንዲት ቍጥር ስሕተት የአንድ አጥቢያ ምእመናን ጾም በሁለት ሳምንት ይዛነፋል፤ በገጠር የሥራ ቀናትን ከአጽዋማትና ከበዓላት ጋር አስማምቶ ያወጣ ሰውም መርሐ ግብሩ ይፈርስበታል።

ይህ ስሕተት በቀላሉ አይያዝም። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ የተሳሳተው የካቲት 9ም ሰኞ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ በተሳሳተው ወንበርም እንዲሁ ይሆናሉ፤ 11ና 19 ድምራቸው 30 ነውና ወንበሩ ማንም ቢሆን ይስማማል። ስለዚህ ማረጋገጫው ማካፈሉን በማባዛት መመለስ ብቻ ነው፤ 19 ጊዜ 395 7505፣ 13 ሲደመር 7518።

አንባብያን በዚሁ መንገድ የ2019 ዓ.ም.ን ጾመ ነነዌ ያውጡ። መስከረም 1 ዓርብ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 መሆኑን ያስታውሱ። በትክክል የሠራ የካቲት 15ን ያገኛል።