የነገን ጡረታ ዛሬ የሚያሰላ ባለሙያ

አንድ መንግሥት ዕድሜው 25 ዓመት ለሆነ ሠራተኛ ከ40 ዓመት በኋላ ጡረታ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን ለመፈጸም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማን ያሰላል? ሠራተኛው እስከዚያ በሕይወት መቆየቱን፣ ከተጦረም በኋላ ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ዕድሜ ባይታወቅም፣ የመቶ ሺህ ሰዎች አማካይ ዕድሜ በጥሩ ሁኔታ ሊገመት ይችላል። አክቹዋሪ የምንለው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚህ ጽሑፋችን የሙያውን አሠራር፣ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ዋና አክቹዋሪ ከነበሩት ከሮበርት ማየርስ የሥራ ዘመን ጋር አያይዘን እንመለከታለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙያው ስሌት

የአክቹዋሪ ዋነኛ መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳየው የሕይወት ሠንጠረዥና የወለድ ስሌት። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ከተገኘ 100 ዶላር ሊከፈለው ቃል ተገብቶለታል እንበል። ወለዱ በዓመት 5 በመቶ ቢሆን፣ ዛሬ የተቀመጠ 61.39 ዶላር በ10 ዓመት 100 ዶላር ይሆናል። በሠንጠረዡ መሠረት ከ100 ሰዎች 80ዎቹ 10 ዓመቱን የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ 61.39ን በ0.8 እናባዛለን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ዛሬ መቀመጥ ያለበት 49.11 ዶላር ነው።

በብዙ አገሮች ግን የመንግሥት ጡረታ በአብዛኛው የሚከፈለው በወቅቱ በሥራ ላይ ካሉት ሠራተኞች መዋጮ ነው። ጡረታው የአማካይ ደመወዝ 40 በመቶ ቢሆንና ለአንድ ጡረተኛ 5 ሠራተኞች ቢኖሩ፣ ከየደመወዙ 8 በመቶ መዋጮ ይበቃል። ሠራተኞቹ 2 ብቻ ከሆኑ ግን 20 በመቶ ያስፈልጋል። የሕዝብ ቁጥር ለውጥ ለአክቹዋሪው ይህን ያህል ክብደት አለው።

ከጀማሪነት እስከ ዋና አክቹዋሪነት

ማየርስ በ1912 በፔንሲልቬኒያ ተወለዱ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በ1934 የጡረታውን ዕቅድ እንዲያዘጋጅ በተቋቋመው ኮሚቴ በጀማሪ አክቹዋሪነት ተቀጠሩ። በ1935 የወጣው ሕግ የጡረታ ዕድሜን 65 ዓመት አደረገ። አንዳንዶች፣ በ1930 የወንዶች አማካይ ዕድሜ 58 ዓመት ስለነበር፣ 65 የተመረጠው ጡረታ የሚቀበል ሰው እንዳይኖር ታስቦ ነው ይላሉ። ይህ አማካይን ካለመረዳት የሚመጣ ስሕተት ነው። አማካዩን በእጅጉ ዝቅ ያደረገው የሕፃናት ሞት ነበር። በ1940 ዕድሜው 65 የሞላ ወንድ በአማካይ ተጨማሪ 12.7 ዓመት፣ ሴት ደግሞ 14.7 ዓመት የመኖር ተስፋ ነበራቸው። አክቹዋሪው የሚጠይቀውም «ሰው ሲወለድ ስንት ዓመት ይኖራል?» ብሎ ሳይሆን «እዚህ ዕድሜ የደረሰ ሰው ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ይኖራል?» ብሎ ነው።

የግለሰብ ዕጣ ግን ከአማካይ እጅግ ሊርቅ ይችላል። በ1940 የመጀመሪያውን ወርኃዊ ክፍያ፣ 22.54 ዶላር፣ የተቀበሉት አይዳ ሜይ ፉለር በመዋጮ የከፈሉት በጠቅላላው 24.75 ዶላር ነበር። እስከ 100 ዓመታቸው ኖረው 22,888.92 ዶላር ተቀብለዋል።

ማየርስ ከ1947 እስከ 1970 ዋና አክቹዋሪ ሆነው አገለገሉ። ግምታቸው ሁልጊዜ አልሰመረም። በ1965 ለተቋቋመው የአረጋውያን የሕክምና መድን የተሰላው የሆስፒታል ወጪ፣ የሕክምና ዋጋ ከታሰበው በላይ በመናሩ፣ ከግምቱ እጅግ በልጦ ተገኝቷል። ከዚህ የምንማረው ስሌት ከተነሣበት ግምት የተሻለ ሊሆን እንደማይችል ነው። በመሆኑም አክቹዋሪዎች ዛሬ ለ75 ዓመታት የሚዘልቀውን ትንበያ በአንድ ቁጥር ብቻ አይወስኑትም፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትሉ ሦስት የግምት ስብስቦችን ያቀርባሉ።

ቁጥርና አቋም

ማየርስ የራሳቸው አቋም ነበራቸው፤ መጠነኛ የሆነ ፕሮግራምን ይደግፉ ነበር። በ1970 ፕሮግራሙን ከልክ በላይ ለማስፋፋት ይሠራሉ ያሏቸውን የመሥሪያ ቤታቸውን ሹማምንት በይፋ ተችተው ሥራቸውን ለቀቁ። የሙያ ዘመናቸው ግን በዚህ አላበቃም። ፈንዱ ሊሟጠጥ በተቃረበበት ጊዜ በ1981 መጨረሻ የተቋቋመው፣ በአለን ግሪንስፓን የሚመራው ኮሚሽን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው በ1982 ተሾሙ። የሁለቱ ፓርቲዎች ሰዎች በመፍትሔው ቢለያዩም፣ በችግሩ መጠን ላይ ተስማሙ፤ ከ1983 እስከ 1989 ከ150 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። ሁሉም የሚያምነው ቁጥር ከተገኘ በኋላ ድርድሩ መሬት ያዘ። በ1983 የወጣው ሕግ የጡረታ ዕድሜን ቀስ በቀስ ወደ 67 ከፍ አደረገ፤ በ1960ና ከዚያ በኋላ ተወልደው በአሜሪካ የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ሙሉ ጡረታ የሚያገኙት በዚሁ ዕድሜ ነው።

በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ ዋናው አክቹዋሪ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራው እንዳይነሣ ደነገገ። ማየርስ ይህን ለማየት በቅተው በ2010 በ97 ዓመታቸው አረፉ። ድንጋጌው ተገቢ ነው እንላለን። ምክንያቱም ለሹማምንት ደስታ ሲባል የተለወጠ ቁጥር ዕዳውን አያጠፋውም፤ ገና ሥራ ላልጀመረው ትውልድ ያስተላልፈዋል እንጂ።