መነጽርን በሌዘር ለመገላገል ከማሰብዎ በፊት

የሩቁን አጥርቶ ማየት የሚቸግረው ሰው ስለ ሌዘር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። የዋጋው ነገር ግን ይቆይ። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ዓይንዎ ለሥራው የሚሆን መሆን አለመሆኑ ነው።

ከቤትዎ ይጀምሩ። የቆዩ የመነጽር ማዘዣዎችዎን ፈልገው ቁጥሮቹን ያስተያዩ። ባለፈው አንድ ዓመት ከ0.5 ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) በላይ ከተለወጡ ዓይንዎ ገና አልረጋም፤ ዛሬ ቢስተካከል ነገ መነጽር መፈለጉ አይቀርም። ዕድሜም ቢያንስ 18 መሙላት አለበት፤ እኔ 21 እስኪሞላ መታገሥን እመርጣለሁ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ይቆዩ፤ በዚያ ወቅት ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል።

በአለርጂ ምክንያት ዓይንዎን ሲያሹ ካደጉ ይህን ለሐኪሙ አይደብቁ። አዘውትሮ ማሸት ከኬራቶኮነስ ጋር ይያያዛል። ይህ ሕመም ኮርኒያ የተባለው፣ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን እየሳሳ ወደ ፊት እንዲሾል ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ኮርኒያ በሌዘር ማሳሳት ሕመሙን ያባብሰዋል።

ቀጥሎ ምርመራው ነው። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ የኮርኒያውን ቅርጽ ስለሚለውጥ ለስላሳውን ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ጠንካራውን ከዚያ ለበለጠ ጊዜ አውልቀው ይሂዱ። የኮርኒያው ካርታና ውፍረት፣ የእንባዎም መጠን መለካት፣ እንዲሁም ብሌንዎ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናዎ መታየት አለበት። ይህን ሁሉ ሳያይ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የሚሰጥ ቦታ ካጋጠመዎት አመስግነው ይውጡ።

ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሮቹን በወረቀት ተቀብለው ራስዎ ያስሉ። ኮርኒያ በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ላሲክ በተባለው የሌዘር ሕክምና መጀመሪያ 110 ማይክሮን ያህል የሆነ ስስ ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል፤ ከዚያ ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር እስከ 15 ማይክሮን ያህል ይፍቃል። ከሥር የሚቀረው ከ250 ማይክሮን ማነስ የለበትም። ኮርኒያው 520፣ ቁጥሩ ማይነስ 4 የሆነ ሰው 350 ይተርፈዋል። 480 ኮርኒያ ይዞ ማይነስ 8 የሆነው ግን ልክ 250 ላይ ይደርሳል፤ እኔ ብሆን አልሞክረውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮርኒያውን ሳያሳሱ ዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ አለ። ኮርኒያው መጠነኛ ስስነት ላለው ሰው ደግሞ ክዳን የማይቆረጥበት፣ ፒአርኬ የተባለው የሌዘር ሕክምና ሊሆን ይችላል። እሱ ለጥቂት ቀናት ያማል፣ ዕይታው የሚጠራውም በሳምንታት ነው፤ ለወራትም ያለ ፀሐይ መነጽር መውጣት አይገባም።

ዕድሜዎ 40ን ከተሻገረ ወይም ከተጠጋ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ማይነስ 2 ወይም 3 የሆነ ሰው መነጽሩን አውልቆ ያነባል፣ መርፌ ላይም ክር ያስገባል። ሩቁ ሲስተካከልለት ይህን ችሎታ ያጣና የንባብ መነጽር ይገዛል። ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝ ወይም ቀኑን ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር የሚውል ሰው ትርፉን ከኪሳራው ያመዛዝን። ለሩቅ የተስተካከለ ኮንታክት ሌንስ ለጥቂት ቀናት አድርጎ የተለመደውን ሥራ መሞከር ከማንም ምክር ይበልጣል።

ከሕክምናው በኋላ የዓይን ድርቀት ለወራት ሊቆይ፣ ሌሊት የመኪና መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ሊታይ ይችላል። ሌሊት የሚነዱ ሾፌሮች ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። ዋጋው የሚመጣው አሁን ነው፦ ቁጥር ቢቀር ድጋሚ ማረሚያውን ይጨምራል? ለሕክምናው ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ከሆነ ሲመለሱ ማን ይከታተልዎታል?

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገም በኋላ የቀድሞ ልኬቶችዎን ቅጂ አይጣሉ። የሳሳ ኮርኒያ የዓይን ግፊት ሲለካ ከእውነተኛው አሳንሶ ስለሚያሳይ ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭ ሕመም ሊያመልጥ ይችላል፤ በእርጅና የዓይን ሞራ ሲወጣም የሚተከለውን ሌንስ ለማስላት ያ ወረቀት ይፈለጋል።